የአቶ ሲራጁዲን እንየው ህልፈትና ባዶ የተዉልን አራት መስመር

ከሐይቅና አካባቢው ተወላጆች መረዳጃ ዕድር፣ ዳላስና ፎርት ዎርዝ
ለአባላት፣ ለወዳጆችና አገር ቤት ላሉ ቤተሰቦች
ኖቬምበር 14 ቀን 2009

የዕድራችን አባል አቶ ሲራጁዲን እንየው ማክሰኞ ኖቬምበር 10 ቀን 2009 ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ፣ ፎርት ዎርዝ በሚገኝ ሆስፒታል፣ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። የሞቱት በጉበት ካንሰር ነው። ቀብራቸው በማግሥቱ ረቡዕ ከዙህር ሶላት በኋላ ተፈጽሟል። ሰዓቱንም በሽታውንም ሳንሸፋፍን የጻፍነው እሳቸው እንዲህ ይነገር ብለው ስላዘዙ ነው። ለምን እንዳዘዙ ከታች ይነበባል።

ሐዘናችን ከባድ ነው። ሐዘን ብቻ ነው ብንል ግን ዋሸን ማለት ነው። አቶ ሲራጁዲን ስድስት ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል ተኝተው እኛ አላወቅንም። ያላወቅነው ሳንጠይቅ ቀርተን አይደለም። እሁድ እሁድ ራሳቸው ኮል እያደረጉ “መርከብ ላይ ነኝ” ይሉን ስለነበር ነው። በዕድራችን ደንብ የታመመ መጠየቅ የመጀመሪያው አንቀጽ ነው፤ ቀብር እንኳ ከሱ በኋላ ነው የተጻፈው። ከአባሎቻችን አንዷ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ምግብ ታድላለች፤ “ከኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ተኝቶ እኔ ለባዕድ ሾርባ ሳዞር ከረምኩ” እያለች እስከ ዛሬ አልተጽናናችም። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት አዝነን ብቻ ሳይሆን ተከድተንም ነው የተነሣነው። እኛ ቀድመን ከድተናቸው እንደነበርም የዚያኑ ዕለት በገዛ እጃቸው ጽሑፍ አነበብነው። ይህ መግለጫ ሁለቱንም ይዟል። ከአባላት መካከል “የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም፤ ሰውየው አርፏል፣ እኛም እንረፍ” ያሉ ነበሩ። ተመካክረን ይውጣ ያለው ስለበዛ ወጥቷል።

አቶ ሲራጁዲን በ1963 ሐይቅ ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ ፋንታዬ አየለ ይባላሉ። አባታቸው ቀደም ብለው በማረፋቸው እሳቸውንና እህታቸውን ዙበይዳን ያሳደጉት እናታቸው ናቸው። ዲቪ ደርሷቸው በ1998 ዳላስ ገቡ። ትዳር አልመሠረቱም፤ ሲጠየቁ “ባሕር ላይ የሚከርም ሰው ሚስት አግብቶ ምን ያደርጋታል፣ ያስጠብቃታል እንጂ” ይሉ ነበር።

በ1999 ዳላስ አጠገብ ባለችው በፋርመርስ ብራንች ከተማ ውስጥ የባሕር መለኪያ መሣሪያዎችን በሚያስተካክል ድርጅት፣ ዌርሀውስ በሚሉት መጋዘን ውስጥ፣ በማሸግ ሥራ ተቀጠሩ። እንደ ሰማነው ከሆነ ውስጡ ያለውን ሳያውቁ ሣጥን አይዘጉም ነበር። ይህ ምንድነው፣ ያኛውስ ለምንድነው እያሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ከዌርሀውሱ ወደ ላቡ፣ ወደ መፈተሻ ክፍሉ፣ ገቡ።

ስለ ሥራቸው ሲጠየቅ ብዙዎቻችን “ሲራጅ ውሃ ይለካል” ብለን ነው የምናልፈው። እንደገባን መጠን እንጻፈው። ከመርከብ በረጅም ገመድ ታስሮ እስከ አራት አምስት ኪሎ ሜትር ጥልቀት የሚወርድ መሣሪያ አለ። እየወረደ የባሕሩን ሙቀትና የጨዉን መጠን ያነብባል። ታዲያ መሣሪያው እንደ ግድግዳ ሰዓት ነው፤ ቀስ እያለ ይስታል፣ መሳቱንም አይናገርም። ስለዚህ ዙሪያውን ትልልቅ ጠርሙሶች ታስረው አብረውት ይወርዳሉ፤ በየጥልቀቱ እየተዘጉ የዚያኑ ቦታ ውሃ ይዘው ይወጣሉ። አቶ ሲራጁዲን ውሃውን በትንንሽ ጠርሙስ ይቀዳሉ። ጠርሙሱን መጀመሪያ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ያለቀልቁታል። አንገቱን ያደርቃሉ፣ የደረቀ ጨው ክዳኑ ሥር ቀርቶ ውሃውን እንዳያሳስተው። ሙቀቱ በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን አሳድረው በሌላ ማሽን ይለኩታል። ያ ማሽን ደግሞ ራሱ በታሸገ የማመሳከሪያ ውሃ ተፈትኖ ነው ሥራ የሚጀምር። ጠርሙሱ የሚለውና መሣሪያው ያለው ሲለያይ፣ ልዩነቱ መሣሪያው የሳተው ልክ ነው። ሙቀት የሚያነበውንም ክፍል ከጉዞ በፊትና ከጉዞ በኋላ ፋርመርስ ብራንች ላቡ ውስጥ፣ ሙቀቱ በሚታወቅ ገንዳ ውስጥ ነክረው ያመሳክሩታል።

የተሳሳተ ቁጥር ሲያገኙ አይፍቁም ነበር። በአንድ መስመር ይሰርዙታል፣ ከሥሩ እንዲነበብ አድርገው። ትክክለኛውን ከጎኑ ይጽፋሉ፣ ቀን ይጽፋሉ፣ ይፈርማሉ።

በ2003 የመጀመሪያ የምርምር ጉዟቸውን አደረጉ። እስከ 2008 ድረስ በአትላንቲክ፣ በፓሲፊክና በሕንድ ውቅያኖስ ሰባት ጊዜ ወጥተዋል።

በ2004 ክረምት፣ የአንድ አባላችን ሕፃን ትኩሳት ይዞት ቴርሞሜትሩ ደህና ነው እያለ ዘግይቶ ሐኪም ቤት በመድረሱ፣ አቶ ሲራጁዲን የየቤቱን ቴርሞሜትር አምጡ ብለው አስለፈፉ። በአንድ ቅዳሜ አዳራሻችን ውስጥ ባልዲ ውሃ አስቀምጠው አሥራ አንዱን ፈተኑ። አራቱ ውሸታም ሆነው ተገኙ። የአቶ ሀሩን ቴርሞሜትር ከሁሉ ስለባሰ “ሀሩን፣ ይኼ ያንተ ሬሳንም ትኩሳት አለው ይላል” ብለው ሲያስቁን ውለዋል። ለአራቱ ቤት አዲስ ገዝተው ሰጡ።

በ2005 አትላንቲክ ላይ፣ ከአንድ ቀን ጀምሮ የተቀዳው ውሃ ሁሉ ከሚጠበቀው በላይ ጨዋማ ሆኖ ተነበበ። መርከቡ ላይ አዲስ ነገር ተገኘ ተብሎ ደስታ ሆነ። እሳቸው ግን ክዳኖቹን አንድ በአንድ ከፍተው አዩ። በአንዱ ሣጥን ጠርሙሶች አንገት ላይ የቆየ ጨው ደርቆ ነበር። ሣጥኑን አጥበው ያሸጉት ራሳቸው ነበሩ። የሦስት ቀን ሥራ ሰርዘው “ስሕተቱ የኔ ነው” ብለው በስማቸው ፈረሙበት። ይህን የነገሩን እሳቸው አይደሉም፤ በቀብሩ ዕለት የመጡ የላብ ባልደረባቸው ናቸው።

አሁን የ2007ን እንጻፍ። ይኼ ነው የከበደን።

በዚያ ዓመት ኦገስት 14 ከአውስትራሊያ ተነሥተው በሕንድ ውቅያኖስ ወደ ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ የአርባ ሦስት ቀን ጉዞ ጀመሩ። በመርከቡ ስልክ ለአንድ ሰው በሳምንት አሥር ደቂቃ ይደርሰዋል፣ ወደ ሐይቅ ግን አልገባ ይላል። ስለዚህ እሁድ እሁድ የዕድሩ ጸሐፊ ወይዘሮ ልዩ ጋ ይደውላሉ። ወይዘሮ ልዩ ደግሞ ቅዳሜ በካርድ ሐይቅ ደውላ የሰማችውን ታቀብላቸዋለች። የእናታቸውን ደህንነት የሚያውቁት በእኛ አፍ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ወይዘሮ ፋንታዬ ሐሙስ ኦገስት 23 አረፉ። ወሬው ለዕድሩ ሊቀመንበር ለአቶ ምናሴ የደረሰው ማክሰኞ ኦገስት 28 ነው። ከቤተሰብም “በስልክ እንዳትነግሩት፤ ውሃ መሐል ነው ያለው፤ ሲመለስ ሰው ሰብስባችሁ አርዱት” የሚል ቃል አብሮ መጣ። እኛም ተሰብስበን ይኸው ነው ደንቡ አልን። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሲነጋጋ፣ ቤቱ ተኪዶ፣ ሰው ግራና ቀኝ ይዞት ነው የሚነገር። ማንም አልተቃወመም። ክፋት አልነበረበትም፤ ግን ለአራት እሁድ ዋሽተናል።

በአራተኛው እሁድ አቶ ሲራጁዲን ደስ ብሏቸው ደወሉ።

“እትዬ ልዩ፣ ረቡዕ ደርባን እንገባለን። ከዚያ አዲስ አበባ ቅርብ ነው። ዘልዬ ልገባባት ነው። እንዳትነግሯት፣ እሺ?”

ጸሐፊዋ ስልኩን ለአቶ ምናሴ ሰጠች፤ ሌላ ማድረግ አልቻለችም። አቶ ምናሴ እዚያው የመጣላቸውን ተናገሩ። “ሲራጅ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት መጥቶልሃል። በዚህ ሳምንት ራስህ ካልፈረምክ ይበላሻል አሉ። መጀመሪያ ወደዚህ ና።” ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። አቶ ሲራጁዲን አመኑን። ከደርባን ጀርባቸውን ለአገራቸው ሰጥተው ዳላስ መጡ። የእናታቸው አርባ ኦክቶበር 1 ነበር። ከደርባን ቀጥ ብለው ቢሄዱ ኖሮ ሁለት ቀን ቀድመው ይደርሱ ነበር።

ቅዳሜ ሴፕቴምበር 29 ሲነጋጋ ሰባት ሆነን ዳላስ አጠገብ አዲሰን በምትባል ከተማ ወደሚኖሩበት አፓርትመንት ሄድን። ረመዳን ነበር፤ ሱሑር በልተው አልተኙም። በሩን ከፍተው ሲያዩን፣ “ይህ ሁሉ ሰው ለአንድ ወረቀት?” አሉ።

ተነገራቸው። እኛ ፊት አላለቀሱም። ቀኑ መቼ እንደሆነ ጠየቁ፣ ነገርናቸው። ከሻንጣቸው ደብተራቸውን አወጡ። ለካ እሁድ እሁድ የነገርናቸውንም እንደ ውሃው ይመዘግቡት ኖሯል።

“ሴፕቴምበር 16፣ ‘ጾም ላይ ናቸው’ ብለሽኛል እትዬ ልዩ።”

“ብዬሃለሁ።”

“የሞተ ሰው ይጾማል?”

አቶ ምናሴ “ባሕር መሐል ብቻህን ሆነህ እንዴት እናርዳህ ልጄ?” አሏቸው።

“ብቻዬን አልነበርኩም ጋሽ ምናሴ። ሃምሳ ሁለት ሰው ነበርን። መሣሪያ ቢዋሸኝ በጠርሙሱ ውሃ አጣራዋለሁ። እናንተን በምን ላጣራችሁ?”



ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አልደወሉልንም። ከዕድሩ አልወጡም። ቀብር ሲኖር ይመጣሉ፣ ሬሳ ይሸከማሉ፣ ሳይቀመጡ ይሄዳሉ። ሽማግሌ ላክን። በር ከፍተው አስገቡ፣ አስተናገዱ፤ “ይቅር ብያለሁ፤ ግን መስተካከል አለበት” አሉ። ምን እንደሚስተካከል አልገባንም። ይቅር ካሉ በቃ ብለን ተውነው። ዛሬ ስናስበው፣ ያኔ አንድ ሰው “ምኑን?” ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ በሕይወት እያሉ ያልቅ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ዓመት፣ እሁድ ኦክቶበር 4፣ የወይዘሮ ልዩ ስልክ ሲጮህ የአቶ ሲራጁዲን ድምፅ ነበር። መርከብ ላይ ነኝ አሉ። የሰማ ሁሉ ለሌላው ኮል እያደረገ “ሲራጅ ታረቀን” ተባባልን። ስድስት እሁድ ደወሉ። የያንዳንዳችንን ጤና ይጠይቃሉ። ውሃው እንዴት ነው ስንላቸው “ረግቷል” ይላሉ። አንድ ጊዜ ከጀርባ ጢጥ ጢጥ የሚል ነገር ተሰማና ምንድነው ተባሉ። “መሣሪያው ነው” አሉ። መሣሪያስ መሣሪያ ነበር።

ማክሰኞ ኖቬምበር 10 ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሆስፒታሉ ደወለ። ለአደጋ ጊዜ ተጠሪ ብለው ያስመዘገቡት ዕድሩን ነበር። አቶ ሀሩን እየነዱ፣ አቶ ምናሴና ወይዘሮ ልዩ ፎርት ዎርዝ አንድ ሰዓት ላይ ደረሱ። ነርሷ አንድ ከረጢት ሰጠቻቸው። ልብስ፣ የመስገጃ ምንጣፍና ያ ደብተር ነበረበት። እሁድ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ምሳቸውን መልሰው ይልኩ እንደነበር ነርሷ ነገረቻቸው። እሁድ ብቻ።

የደብተሩ መጨረሻ ገጽ ለሁለት ተከፍሏል። በአንዱ በኩል “የተባለው”፣ በሌላው “የነበረው” ይላል። ላይኛዎቹ ስድስት መስመሮች የራሳቸው ናቸው። ኦክቶበር 4፣ የተባለው፣ መርከብ ላይ ነኝ፤ የነበረው፣ ፎርት ዎርዝ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ጋ ያለው አልጋ። እንዲህ እያለ እስከ ኖቬምበር 8። እያንዳንዱ ላይ ፈርመዋል። ለምን እንደደበቁን አንድ ቃል አልጻፉም።

ከዚያ በታች የ2007ቱ አራት እሁዶች አሉ። “የተባለው” ተሞልቷል፣ “የነበረው” ባዶ ነው። ኦገስት 26ም፣ ቅዳሜ ሐይቅ ስልኩን ያነሣ ሰው ያለንን ይዘን፣ ደህና ናቸው ብለናቸው ነበር፤ እሱን ግን አላስገቡትም። በጠርዙ ላይ “ያኔ አላወቃችሁም ነበር። ስሕተት ነው እንጂ ውሸት አይደለም” ብለዋል። ከሁሉ በታች እንዲህ ይላል፦ “ለዙበይዳ በሞትኩበት ቀን ንገሯት። ሰዓቱንም በሽታውንም። አራቱን መስመር ሙሉልኝ፤ ሰው ይስማው። በእርሳስ አይሁን።”

መኪና ማቆሚያው ላይ ሦስቱ ተከራከሩ። አቶ ሀሩን “ለዓረፋ እኮ አሥራ ሰባት ቀን ነው የቀረው። በዓሉን ትዋልበት፤ ከዚያ ሰው ይላክባት” አሉ። አቶ ምናሴ “መርዶ በስልክ? በዚህ ዕድሜዬ?” አሉ። ወይዘሮ ልዩ “ጋሽ ምናሴ፣ ያኔም እንዲሁ ነው ያልነው” አለች። አቶ ምናሴ ስልኩን ተቀበሏት። በእኛ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር፣ ሐይቅ ደግሞ አመሻሽ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ።

“ዙበይዳ፣ ምናሴ ነኝ ከዳላስ። ሲራጅ ዛሬ ሞቷል።”

ጩኸቱ ተሰማ፣ ጎረቤት ሲገባ ተሰማ። አልዘጉም፤ ጠበቁ። ቆይታ ተመለሰች።

“ዛሬ ነው ወይስ ከርሟል?”

“ዛሬ። ሦስት ሰዓት ተኩል አይሆነውም።”

“ማሉ።”

አቶ ምናሴ ማሉ። ምን እንደታመመ ጠየቀች፣ ነገሯት። ከዚያ በኋላ ደብተሩን አነበቡላት። ሲጨርሱ፣ “በስልክ እንዳትነግሩት ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ይኼን ያውቅ ነበር?” አለች።

“አልነገርነውም። ዕድሩ ነው ያልነው።”

“እንግዲያው የኔንም ጻፉት። ስሜን አትደብቁ።”

ዕድራችን ለወይዘሮ ዙበይዳ እንየውና ለቤተሰቡ ሁሉ ጽናቱን እንዲሰጣቸው ይመኛል። ስድስት ሳምንት ሙሉ አቶ ሲራጁዲንን ያልተለዩ የላብ ባልደረቦቻቸውንም ያጽናና። እነሱ ያውቁ ነበር፤ ለእኛ እንዳይናገሩ የተለመኑትን ጠብቀዋል፣ አንቀየማቸውም። አቶ ሲራጁዲንን ግን ተቀይመናል። ሳንጠይቃቸው ሞተዋል፤ ይህን እንዲህ በቀላሉ የሚተወው ከመካከላችን የለም። ቅያሜያችን ሐዘናችንን አልቀነሰውም። አላህ ይዘንላቸው፣ ቀብራቸውን ያስፋላቸው።

ባዶ የተዉትን አራት መስመር ሞልተናል፤ ከላያቸው የወይዘሮ ዙበይዳን መስመር ራሷ ባለችን መሠረት ጨምረናል። የዕድሩ ቃለ ጉባኤ ላይም በብዕር ሰፍሯል።

ማክሰኞ ኦገስት 28 ቀን 2007። የተባለው፦ “በስልክ እንዳትነግሩት፤ ውሃ መሐል ነው።” የነበረው፦ ሲያለቅስ በስልክ መስማት ፈርቼ ነው። ዙበይዳ እንየው።

እሁድ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2007። የተባለው፦ “እናትህ ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውሃል።” የነበረው፦ ወይዘሮ ፋንታዬ ከሞቱ አሥራ አንደኛ ቀናቸው ነበር። ሰላም ያለ ሰው የለም።

እሁድ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2007። የተባለው፦ “ለሚሌኒየሙ ሽር ጉድ ላይ ናቸው፤ ቤቱን ቀለም እያስቀቡ ነው።” የነበረው፦ አሥራ ስምንተኛ ቀናቸው። ቤቱ ለቅሶ ቤት ነበር።

እሁድ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2007። የተባለው፦ “ጾም ላይ ናቸው፤ ድምፃቸው ደከም ብሏል።” የነበረው፦ ሃያ አምስተኛ ቀናቸው። ድምፅ አልሰማንም።

እሁድ ሴፕቴምበር 23 ቀን 2007። የተባለው፦ “የኢሚግሬሽን ወረቀት መጥቶልሃል፤ መጀመሪያ ወደዚህ ና።” የነበረው፦ ሠላሳ ሁለተኛ ቀናቸው። ወረቀት አልመጣም። አርባቸውን መድረስ ይችሉ ነበር፤ ያስቀረናቸው እኛ ነን።

ከዚህ በታች ያለውን አንድ መስመርም እሳቸው አላሰመሩትም፤ እኛ ጨምረነዋል።

ማክሰኞ ኖቬምበር 10 ቀን 2009። የተባለው፦ “ሲራጅ ዛሬ ሞቷል።” የነበረው፦ ዛሬ።

ምናሴ ፍቃዱ፣ ሊቀመንበር
ልዩ ባርናባስ፣ ጸሐፊ